ፊቱን ወደ መተማ ያዞረው ዲሽ

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች አይደለችም፤ የገበያ ናት። ከወገራ ገብስ፣ ከደምቢያ ሽምብራ የጫነ ሁሉ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ከተሜውም ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይከተለዋል። ዘንቢል ካለ ተሸካሚ አለ። ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቢኤስ በተባለው ጣቢያቸው ቅዳሜ ጠዋትን በጀግና ካርቱን ሲሞሉት፣ ወላጅ እስከ ረፋድ ተኝቶ ልጅ ብቻውን ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል ብለው ነው። እናቴ ግን በዚያች ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ ኪዳን አድርሳ ተመልሳ፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን ‹‹ተነሥ እንጂ አንተ! ገበያው ሊበተን ነው!›› ትለኛለች። ገበያው የሚበተነው አመሻሽ ላይ ነው።

አንድ ቅዳም ስዑር ገብስማ ዶሮ ገዛችና ‹‹ይህን ይዘህ ቅደም፤ እኔ ቅቤውን አይቼ እመጣለሁ›› አለችኝ። ዶሮው እግሩ ታስሯል፤ እኔ አልታሰርኩም። ፒያሳ ስደርስ አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ የጃኪ ቻን ካርቱን ተከፍቷል። ለአፍታ ብዬ ገባሁ፤ ዶሮውንም ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩት። ማሰሪያው መቼ እንደላላ የሚያውቀው እሱ ነው። ጃኪ ቻን ከጣራ ጣራ ሲዘል፣ የኔው ደግሞ ከወንበር ወንበር፣ ከወንበር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ብርጭቆ ወደተደረደረበት ትሪ ዘለለ። አስተናጋጇ ‹‹ማነው ባለቤቱ?›› እያለች ትጮኻለች። ካርቱኑ ላይ ያለው ጠብ እስኪያልቅ ድረስ እኔ ባለቤት አልሆንኩም። በመጨረሻ የያዙት ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ወረወሩበትና ጠቅልለው አቀበሉኝ። ‹‹እንካ ልጄ፣ ከሁለታችሁ ንቁው እሱ ነው›› አሉኝ። እናቴ የብርጭቆውን ከከፈለች በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት ሳይቀር፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የዶሮውን ዋጋ ከነብርጭቆው ደምራ ትነግር ነበር።

ዲሽ ግቢያችን የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። መተማ ሰሊጥ የሚነግድ አጎታችን በጭነት መኪና ላከልን፤ ባለ ዘጠና፣ ከነሪሲቨሩ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ናይልሳትን ነበር፤ ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ከምድር ወገብ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሳተላይት ነው። ከጎንደር ሲፈለግ ፊት ወደ ጀምበር መጥለቂያ ይዞራል። እናም ዲሻችን ፊቱን ወደ መተማ፣ ወደ መጣበት አገር አዙሮ፣ ጀርባውን ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ቆመ። እናቴ አልወደደችውም። ‹‹ትንሽ ወደዚህ ቢልስ ምናለ?›› ብላ ሠሪውን ለመነችው፤ ሰውየው የሥላሴን ስም ጠርቶ እንደማይሆን ማለላት።

በዚያ ዲሽ የካርቱን ጣቢያው ስፔስቱን መጣ፤ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው ኤምቢሲ 3 መጣ፤ ሁለቱም በዐረብኛ። ለሳዑዲ ልጆች እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ቅዳሜ የሥራና የትምህርት ሳምንት መጀመሪያ ነበረች። ባለቤቶቹ ክፍል ሲገቡ ካርቱናቸውን የምናይላቸው እኛ ነበርን ማለት ነው፤ ለዚያውም ቃል ሳይገባን።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ የሚመጣው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በአራት ዓመት ሰው ‹‹ጋሼ›› አይባልም፤ ያስባለው ዐረብኛው ነው። አንድ ክረምት መተማ አጎታችን ዘንድ ከርሞ ሲመለስ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ‹‹ተማም››፣ ‹‹ያላ››፣ ‹‹ኸላስ›› ይዞ መጣ። በዚህ ስንቅ ሙሉ ካርቱን አስተረጎመን። የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በራፋችን ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፤ የሚከፍሉት በቆሎ ወይም በብይ ነው። ጋሼ በርጩማ ላይ፣ ሌላው መሬት። እኔ ከገበያ እየሮጥኩ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ አልፎ ነበር፤ ለወንድሙ የሚከልስ አስተርጓሚ ደግሞ የለም።

ከሁሉም የበለጠው ካፕቴን ማጅድ ነው። ይህ ልጅ ብዙ አገር የዞረ ነው። ጃፓናዊው ዮይቺ ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ1981 በሥዕል ታሪክ ሲጀምረው ስሙ ጽባሳ ነበር፤ ዐረቦቹ ድምፅ ሲሰጡት ማጅድ አሉት፤ እኛ ቤት ሲገባ ጋሼ ‹‹መይሳው›› አለው። ማጅድ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ሜዳው ግን ኳስ ሜዳ አይመስልም። ሲሮጥ ጎሉ ከአድማስ ማዶ ነው፤ እያሰበ ይሮጣል፣ እየሮጠ ያስባል፣ ቅዳሜ የተመታ ኳስ መረብ የሚነካው ለሌላ ቅዳሜ ነው። የፋሲለደስ ስታዲየምን ለምናውቅ ልጆች ነገሩ ከባድ ነበር። ጋሼ ግን ያንን ሩጫ ሁሉ በታሪክ ሞላው። መይሳው የደምቢያ ልጅ ነው፤ እናቱ በማይታወቅ በሽታ ተኝታለች፤ ጎል ካገባ ዋንጫው ተሽጦ ትታከማለች፤ ያ ረጅም ጸጉር ያለው ተቃራኒ ደግሞ የእናቱን መሬት የወሰደው ሰውዬ ልጅ ነው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያይ እኛ የመሬት ክርክር እናያለን። አንዳንዱ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ጋሼ ሙያውን ለግል ጥቅም አያውልም ነበር ብል እዋሻለሁ። ጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው የሚመጣበት ቀን ቅዳሜ ላይ ከዋለና ተራው የሱ ከሆነ፣ መይሳው ሩጫውን ድንገት ገታ አድርጎ ወደ እኛ ዞሮ ይናገራል። ‹‹ምን አለ?›› እንላለን። ጋሼ ከንፈሩን ነክሶ ቆይቶ፣ ‹‹‘ጀሪካን የማያነሣ ክንድ ዋንጫ አያነሣም’ ነው የሚለው›› ይለናል። ወዲያው ሦስት አራት ልጅ ብድግ ይላል። በርሜሉ ሞልቶ እንኳ የሚቀዳ አይጠፋም።

የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ከጅዳ ለዕረፍት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። እናቴ ቡና ጠራቻትና ከኋላችን ተቀመጠች። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት፤ የምታልመው ሳይቀር በዐረብኛ ነው። ትንሽ አዳመጠች፤ ጋሼን አየች፤ ቴሌቪዥኑን አየች። ‹‹ምነው ወንድምዬ፣ ልጁ እኮ ‘በግራ በኩል አቀብለኝ’ ነው ያለው›› አለችው። ቤቱ ጭጭ አለ። ጋሼ ላቡ በግንባሩ ተንቆረቆረ። ያኔ ከሁላችን ትንሹ፣ ገና አፍንጫውን መጥረግ ያልተማረ ልጅ፣ ዞር ብሎ ‹‹ዝም በይ አንቺ! ጋሼ ይጨርስልን›› አላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ የያዘችው ሲኒ ነጠላዋ ላይ ተደፋ። ተመልሳ እስክትሄድ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናውን ሰበብ አድርጋ ትመጣ ነበር፤ መሬቱ ለማን እንደተፈረደ ለማወቅ።

እኔ ከዚያ ትንሽ ልጅ ወገን ነኝ። ዛሬ ጋሼ ሪያድ ሾፌር ነው፤ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ጥሩ ነገር ተርጉሞልኝ አያውቅም።

እናቴ በበኩሏ ለልጅ ፕሮግራም የራሷ ሚዛን ነበራት፤ ሚዛኑም አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለአገሩ ልጅ ተረት የነገሩት። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ፣ ኮሪያ ዘምቶ የነበረውን ጦር ሄደው ያዝናኑ ሰው ናቸው፤ እናቴ ግን ይህን ሁሉ ትታ የምታነሣው ሰላምታቸውን ነው። እሳቸው ሰላም ሲሉ ልጅ ሁሉ ብድግ ብሎ ለቴሌቪዥኑ ይመልስ ነበር። ‹‹ይሄ ያንተ ጀግና ሰላም ሳይል ነው የሚጮኸው›› ትላለች። እውነቷን ነው፤ አንድም ጀግና ገብቶ ‹‹እንዴት አደራችሁ›› ሲል አልሰማሁም።

የባሰ ሂስ የገጠመን ግን ዳባት ነው። ክረምት ላይ አያታችን ዘንድ እንሄድ ነበር፤ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ብርድና ገብስ ብቻ ወዳለበት አገር። መብራት ስለሌለ ካርቱኑን እኛው ሆነን እናሳያታለን። ጋሼ ጋቢ ትከሻው ላይ ቋጥሮ ከመደቡ ይዘላል፤ እኔ የምሸነፈው ነኝ። እምዬ እሳቱን እየቆሰቆሰች ‹‹ይሄ ባለ ካባው ማነው? ጊዮርጊስ ነው?›› ብላ ጠየቀች። እኛ ሳቅን እንጂ አልተሳሳተችም። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ፣ ካባው በነፋስ ተነሥቶ፣ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ያየችው እሱን ነው፤ አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ይጋልባሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ አላቸው። አሜሪካኖቹ በሥዕል ታሪክ ሰው ማብረር የጀመሩት ትናንት ነው።

ጋሼ ማብራራት ያዘ፦ ሰውየው ተራራ ያነሣል፣ ባቡር በእጁ ያቆማል። እምዬ ባቡር አይታ አታውቅም፤ ተራራውን ግን በደጇ አለላት። አሰበችበትና ‹‹ይህን ያህል ጉልበት ካለው ለምን አያርስም?›› አለች።

መልስ አጣን። እስካሁንም የለኝም። ከዚያ የሷን ታሪክ ነገረችን፤ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አድባራቱን ሲያቃጥል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲደርስ ንብ ከግቢው ወጥቶ መለሰው የሚባለውን። የሷ ጀግኖች ካባ የላቸውም፣ አይናገሩም፣ ማር ይሠራሉ። በማግሥቱ ጋሼ ቀፎ ዘንድ ሄዶ ‹‹ያላ›› ብሎ ሊያዝዛቸው ሞከረ። ፊቱ አብጦ ሁለት ቀን አልተረጎመም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የኛም ጀግኖች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ ‹‹ጀምበር››ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ አማኑኤል የሚባል ዲግሪውን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ኃይል ያገኛል። ይህን ደራሲ ወደድኩት፤ ቢያንስ እምዬ ስለ ሥራ ያነሣችው ጥያቄ ገብቶታል። ቀደም ብሎ ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች››ን የሠራችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ ‹‹ጥበብ ገርልስ›› የሚል ካርቱን አወጣች፤ ሦስት ልጃገረዶች፣ ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን ነገር የሚዋጉበት። እምዬ ለዓይኗ ሕክምና ጎንደር በመጣችበት ጊዜ እህቴ በስልክ አሳየቻት። አያቴ የተዳረችው የወተት ጥርሷ ሳይለቅ ነው ይባላል። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ እስኪያልቅ አየችና ‹‹እነዚህ በኔ ጊዜ ወዴት ነበሩ?›› አለች። ቀጥላ የዓይን ጠብታዋን ጠየቀች።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ።

የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን ለቀው ኢትዮሳት ሲገቡ ከተማው በሙሉ ዲሽ ማዞር ያዘ። ኢትዮሳት ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ማለት እስከ ትናንት ወደ መተማ ያየ ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ መመለስ አለበት። እናቴ ደስ አላት፤ ከስንት ዓመት በኋላ ዲሻችን ለሥላሴ ፊት ሊሰጥ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀው ስፔስቱንን ነው፤ ማጅድ አሁንም እዚያ ይሮጣል። ‹‹ሲዞር ማጅድስ?›› አለ። ‹‹አይኖርም›› አልኩት። ምንም አላለም። ዝም ያለ ልጅ መጠርጠር ነበረበት።

ዲሽ ሠሪው ወረፋው ሌላ ነው፤ ‹‹ለሳምንት ቅዳሜ›› አለ። እናቴ ተከታታይ ድራማዋ እንዳያመልጣት ሰግታለች። ከጎረቤታችን ከጋሽዬ መሰላል ተዋስኩ፤ አሥራ ሦስት ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ይህ ሥራ ከታች ሲያዩት ቀላል ነው። ነገር ግን ዲሿን አንድ ዲግሪ ብቻ ከሳታችኋት፣ ሰማይ ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ ዓባይ በረሃን እስከ መሻገር። እኔ ደግሞ የማዞራት በጉልበቴ ነው።

መልእክቱ የሚደርሰኝ በቅብብሎሽ ነበር። የእህቴ ልጅ ሪሞቱን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት፤ እናቴ በሩ ላይ፤ ጋሽዬ አጥሩ ጋ። ‹‹ኳሊቲ ስንት ነው?›› እላለሁ። ጋሽዬ ለእናቴ፣ እናቴ ለልጁ። ከዚያ መልሱ ይመጣል፦ ‹‹ዜሮ ነው ይላል!›› ትንሽ ወደ ቀኝ። ‹‹ዜሮ!›› ወደ ላይ። ‹‹ዜሮ!›› ቆርቆሮው ጋለ፤ ጉልበቴ ሚስማር ሚስማሩን ቆጠረ። እናቴ ዓይኗን ወደ ውስጥ ወርውራ ‹‹ሰማያዊ ብቻ ነው ልጄ፣ በሞትኩት ሰማያዊ ብቻ ነው›› ትላለች። መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ ምክር ሰጥቶኝ ያልፋል። አንዱ ‹‹ወደ ሐረር ነው ወንድሜ፣ ወደ ሐረር!›› ብሎኛል፤ ሐረር ከኛ ጣራ አይታይም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቡናው ፈላና ጋሽዬ ተጠርተው ገቡ። ወዲያው ድምፃቸውን ከውስጥ ሰማሁ፦ ‹‹ምን ዜሮ ትላላችሁ! ሰውየው ዜና እያነበበ እኮ ነው!›› ነገሩ የታወቀው ያኔ ነው። ምስሉ ቀን ሙሉ ስንት ጊዜ መጥቷል፤ የእህቴ ልጅ ባየው ቁጥር ‹‹ኤቪ›› የምትለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ እናቴ ያየችውን በሐቅ ትመሰክራለች። የተያዘው ጋሽዬ ስኳር እንዲያቀብላቸው ሪሞቱን ስላስቀመጠ ነው። እጄን አነሣሁ እንጂ አልመታሁትም፤ ጣራ ላይ ሆኜ ማንን እመታለሁ?

‹‹በቃ፣ እዚያው እሰራት!›› አሉኝ። ማሰር ጀመርኩ። ጋሽዬም ያዩት ምስል አጓጓቸውና ‹‹የኔንም በዚሁ ልሞክር›› ብለው መሰላሉን ይዘው ወደ ግቢያቸው ሄዱ። በዚያው ቅጽበት ከጎሃ ተራራ በኩል የከረመው ደመና ተለቀቀ። ውኃ አይደለም፤ በረዶ ነው። መውረጃ የለም። ጣራው ላይ ከበረዶ የሚያስጥል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቴን ዲሹ ሥር ከተትኩ። ሁለቱ ቡሎኖች ገና አልጠበቁም ነበር። በረዶው ከላይ፣ ጭንቅላቴ ከታች ሲገፋ ዲሹ ፊቱን ወደ ሰማይ ገልብጦ እንደ ምጣድ ተዘረጋ፤ በረዶውንም ተቀብሎ ያዘ። ከታች የእህቴ ልጅ ጩኸት መጣ፤ ይህኛውን ለመስማት ቅብብሎሽ አላስፈለገም። ‹‹አሁን የእውነት ዜሮ ነው!›› ይላል።

በሳምንቱ ሠሪው መጣ። ሁለቱ ሳተላይቶች 64 ዲግሪ ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ አይያዙም፤ ሁለተኛ ዲሽ ተገዛ፣ በስዊች ተገናኙ። ጣራችን ላይ ጀርባና ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆሙ፤ አንዱ ለእናቴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ለልጁ ወደ መተማ። ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ስፔስቱን እስኪያልቅ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ገበያ የምወርደው ዛሬም እኔ ነኝ።

ባለፈው ዘንቢሉን ይዤ ስገባ፣ ማጅድ አድማሱን ይዞ ይሮጣል፤ እሷ ጥጧን እየፈተለች አየችው።

‹‹ይሄ ልጅ ገና አልደረሰም?››

‹‹አልደረሰም እማማ›› አለ የእህቴ ልጅ።

‹‹የእናቱስ በሽታ ታወቀ?››

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ‹‹የማን እናት?››

‹‹የመይሳው ነዋ›› አለች እናቴ። ‹‹መሬታቸውን የተወሰዱት።››